ያለ ቪዛ ለአጭር ጉብኝት መውጣት፦ ከቦሌ ላለመመለስ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

«ቪዛ አይጠይቅም» የተባለ አገር ለመጎብኘት ትኬት ቆርጠው፣ ሻንጣ ጭነው፣ በሌሊት ከሰበታ ወይም ከለገጣፎ ተነስተው ቦሌ ከደረሱ በኋላ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ሰዎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ የሚቀሩት የመድረሻውን አገር አፈር ሳይረግጡ፣ ገና ሻንጣ ማስረከቢያው መስኮት ላይ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ አየር መንገዱ መግባት የማይፈቀድለትን መንገደኛ ካደረሰ መልሶ የማምጣት ኃላፊነት ይወድቅበታል፤ በብዙ አገሮችም ይቀጣል። ስለዚህ የመስኮቱ ሠራተኛ ቲማቲክ የሚባለውን፣ አየር መንገዶች የሚጠቀሙበትን የመግቢያ ደንብ መዝገብ ከፍቶ እዚያ የተጻፈውን አንድ በአንድ ይጠይቃል። አንዱ ከጎደለ «ቪዛ እኮ አያስፈልገኝም» ማለት አያሳልፍም።

ይህ መመሪያ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘው ለጥቂት ቀናት ለጉብኝት ለሚወጡ፣ በተለይም ከከተማው ዳር ለሚነሱ ነው። ዝግጅቱን ከጉዞው 6 ሳምንት በፊት ይጀምሩ። ከዚያ ካነሰ ክትባቱና ፓስፖርቱ ላይደርሱልዎት ይችላሉ።

ደረጃ 1፦ «ያለ ቪዛ» የተባለው የትኛው እንደሆነ ይለዩ

በሰው አፍ «ቪዛ ነጻ» የሚባሉት አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሲቀላቀሉ ነው ችግር የሚፈጠረው።

1. ቪዛ የማይጠየቅበት። ፓስፖርት አሳይተው ማህተም አስመትተው ይገባሉ። ሩዋንዳ ለአፍሪካ ኅብረት አባል አገሮች ዜጎች በሙሉ 30 ቀን ያለ ክፍያ ትፈቅዳለች። ቤኒንና ጋምቢያም ለአፍሪካውያን ክፍት ናቸው። ከኬንያ ጋር ቀድሞ የቆየ የቪዛ ስምምነት አለ።

2. ቪዛ ባይኖርም ከመብረር በፊት በኢንተርኔት ፈቃድ የሚጠየቅበት። ሲሸልስ እንዲህ ናት፤ ቪዛ ከማንም አትጠይቅም፤ ነገር ግን የጉዞ ፈቃዱን ሞልተው፣ ከፍለውና መልሱን ይዘው ካልመጡ አውሮፕላን ላይ አይወጡም።

3. ቪዛ ኦን አራይቫል። እዚያ ሲደርሱ ከፍለው የሚያገኙት ቪዛ ነው። ይህ ቪዛ ነው፤ ሊከለከልም ይችላል።

4. ኢ-ቪዛ። ሙሉ ቪዛ ነው፤ ልዩነቱ ማመልከቻው በኢንተርኔት መሆኑ ብቻ።

ደንብ ይቀያየራል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ለአብዛኛው ተጓዥ የኤሌክትሮኒክ ፈቃድ ግዴታ አደረገች፤ በ2025 ደግሞ አብዛኞቹን የአፍሪካ አገሮች ነጻ አወጣች። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ በተጻፈ የቲክቶክ ወይም የቴሌግራም ምክር የተጓዘ ሰው ሊሳሳት የሚችለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሦስት ቦታ ይጠይቁ፦ የመድረሻው አገር የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ፣ አዲስ አበባ ያለው ኤምባሲው፣ እና የሚበሩበት አየር መንገድ። ትኬት ከመግዛትዎ በፊት አንዴ፣ ከበረራው 3 ቀን በፊት ደግሞ አንዴ ይጠይቁ። ሦስቱ ካልተስማሙ የአየር መንገዱን መልስ ይያዙ፤ መስኮቱ ላይ የሚቆመው የእሱ ሠራተኛ ነው።

ሲጠይቁ «ለኢትዮጵያ ፓስፖርት» ብለው ይጠይቁ። በትውልድ ኢትዮጵያዊ ሆኖ የሌላ አገር ፓስፖርት የያዘ ዘመድ የነገረዎት ደንብ ለእርስዎ አይሠራም።

ደረጃ 2፦ ፓስፖርቱን ይመርምሩ

ሀ. ቀሪ ጊዜ። ከሚገቡበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 6 ወር ይቅረው። ሲሸልስን የመሰሉ አገሮች ለቆይታዎ ከበቃ በቂ ነው ይላሉ፤ ቢሆንም 6 ወሩን ይዘው መነሳት ከክርክር ያድናል። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ለ. ባዶ ገጽ። ሁለት ባዶ ገጽ ይኑረው።

ሐ. ጤንነቱ። የፎቶው ገጽ ሽፋን ከተላጠ፣ ውኃ ከነካው፣ ሕፃን ከጻፈበት ወይም ገጽ ከተገነጠለ አይጓዙበት። አንዱ ሠራተኛ ቢያልፈው ሌላው ያቆመዋል።

ማደስ ካለብዎ መጀመሪያ ኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ጉዳይዎን ይጨርሱ፤ ትኬት አዲሱን ፓስፖርት በእጅዎ ከያዙ በኋላ ይግዙ። ትኬቱ ወይም የጉዞ ፈቃዱ በአሮጌው ቁጥር ከወጣ ፈቃዱን እንደገና ማውጣት ይኖርብዎታል።

ደረጃ 3፦ የቢጫ ወባ ክትባት

ከሁሉ በላይ የሚረሳው ይህ ነው። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ተርታ ስላለች ብዙ አገሮች ከእኛ የሚመጣውን መንገደኛ ካርዱን ይጠይቁታል፤ አንዳንዶቹ በጥብቅ።

1. የወረዳዎን ጤና ጣቢያ የትኛው ተቋም ዓለም አቀፉን ቢጫ ካርድ እንደሚሰጥ ይጠይቁ። ክትባቱን ሁሉም ጤና ጣቢያ አይሰጥም። ሰበታ ወይም ሱሉልታ ካሉ ወደ መሀል ከተማ መውረድ ስለሚኖርብዎ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይመድቡለት።

2. ፓስፖርትዎን ይዘው ይሂዱ። በካርዱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። የአባት ስም ውስጥ ያለ ፊደል በአንዱ ላይ ነጠላ፣ በሌላው ላይ ድርብ ሆኖ ከተጻፈ እዚያው እያሉ ያስተካክሉ።

3. ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ትናንት ተወግተው ዛሬ ቢጓዙ ካርዱ ዋጋ የለውም።

4. ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር መጻፉን፣ ፊርማና ማህተም መኖሩን ያረጋግጡ። በእኛ አቆጣጠር ከተጻፈ ውጭ አገር ያለው ሠራተኛ ከሰባት ዓመት በላይ ያለፈ ቀን ነው የሚያየው።

ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 2016) ጀምሮ «በ10 ዓመት ይታደሳል» የሚለው ደንብ ቀርቷል፤ አሮጌ ካርድ ካለዎት አይጣሉት። ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑ ወይም ለእንቁላል ከባድ አለርጂ ካለብዎ ግን ሐኪም ሳያማክሩ አይወጉ።

ደረጃ 4፦ ትኬት፣ ስምና ሰዓት

የደርሶ መልስ ትኬት ይግዙ። ለአጭር ጉብኝት የሚገባ ሰው መመለሻውን ማሳየት አለበት፤ የአንድ ጉዞ ትኬት ይዞ መምጣት ጥርጣሬን ይጋብዛል። መመለሻው ከተፈቀደው ቀን ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ይበል፤ በረራ ሊሰረዝ ይችላልና።

ስም። እኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም ስለሌለን ፎርም ላይ የትኛው የት እንደሚገባ ብዙ ሰው ይደናገራል። መፍትሔው ፓስፖርቱ ላይ አለ፦ ከፎቶው ገጽ ግርጌ ያሉትን ሁለት ረጃጅም መስመሮች ይመልከቱ። በላይኛው መስመር ላይ << ከሚለው ድርብ ምልክት በፊት፣ ከአገር መለያው ETH ቀጥሎ የተጻፈው የቤተሰብ ስም ተብሎ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የራስ ስም ነው። የጉዞ ወኪሉ በስልክ ሰምቶ እንዲጽፍ አይፍቀዱ፤ የፓስፖርቱን ገጽ ፎቶ ይላኩለትና ትኬቱ ሲወጣ ያስተያዩት።

ሰዓት። ይህ በየጊዜው በረራ የሚያስመልጥ ስሕተት ነው። ትኬት ላይ አዲሱ ቀን የሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ትኬቱ «ዓርብ 00:45» ካለ በእኛ አነጋገር ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:45 ማለት ነው። ከቤት የሚወጡት ሐሙስ ማታ ነው። ዓርብ ማታ ሻንጣ ይዞ የመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ሃያ አራት ሰዓት ሊሞላው ነው። ትኬቱን እንዳገኙ የመነሻውን ቀንና ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ።

መሸጋገሪያ። መድረሻው ቪዛ ባይጠይቅም መሸጋገሪያው ሊጠይቅ ይችላል። ርካሽ ትኬት ተገኘ ተብሎ በአውሮፓ በኩል ዞሮ ወደ ምዕራብ አፍሪካ መሄድ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ የሼንገን አገሮች ከአውሮፕላን ማረፊያው ለማይወጣ ኢትዮጵያዊ እንኳ የመሸጋገሪያ ቪዛ ይጠይቃሉ። ብሪታንያም እንዲሁ። በተቻለ መጠን በቀጥታ የሚበር ይምረጡ። ሁለት የተለያዩ ትኬቶችን ከገዙ ደግሞ መሀል ላይ ሻንጣ ለመውሰድ በኢሚግሬሽን ማለፍ ሊኖርብዎ ነው፤ ይህ የዚያን አገር የመግቢያ ደንብ ያመጣል።

ደረጃ 5፦ የወረቀት ማኅደር

ዳር ላይ ለምንኖር መብራትና ኔትወርክ በሚፈለግበት ሰዓት ይጠፋሉ። ሁሉንም ከ3 ቀን በፊት ኢንተርኔት ቤት ሄደው ያሳትሙ። ስልክ ላይ ያለ ፋይል መጠባበቂያ ይሁን። ማኅደሩ ውስጥ የሚገቡት፦

ፓስፖርት ከሁለት ኮፒ ጋር (ሁለተኛውን ኮፒ ቤት ለሚቀር ሰው ይተዉ)፤ የደርሶ መልስ ትኬት፤ ቢጫ ካርድ፤ የጉዞ ፈቃድ የሚጠየቅ ከሆነ የታተመ መልሱ፤ ሙሉ ቆይታዎን የሚሸፍን የሆቴል ማስያዣ በእርስዎ ስም፤ ከባንክ የተገዛ የውጭ ምንዛሪ ደረሰኝ፤ ከመሥሪያ ቤትዎ የተሰጠ የዕረፍት ፈቃድ ደብዳቤ ወይም የንግድ ፈቃድ ኮፒ።

ዘመድ ቤት የሚያርፉ ከሆነ የግብዣ ደብዳቤ፣ የጋባዡ መታወቂያ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ኮፒ፣ ሙሉ አድራሻና ስልክ ይያዙ። «እህቴ ትቀበለኛለች» ብሎ ስልኳን በቃል የማያውቅ ሰው ጥያቄ ይበዛበታል።

የሥራ ደብዳቤው የሚጠቅመው መውጫ ላይ ነው። የኛ ኢሚግሬሽን መኮንን ወዴት፣ ለምን፣ ለስንት ቀን ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ በተለይ ብቻቸውን ለሚጓዙ ወጣቶች። አጭር፣ እውነተኛና ከወረቀቱ ጋር የሚስማማ መልስ ይስጡ።

ልጅ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ። ሌላኛው ወላጅ አብሮ ካልተጓዘ የፈቃድ ሰነዱን ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ዘንድ ያስፈርሙ፤ የልደት ምስክር ወረቀቱን ያስተርጉሙ፤ ከዚያም ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጡት። ለዚህ ብቻ ሁለት ሳምንት ይያዙ።

ደረጃ 6፦ ገንዘብና ዕቃ

የውጭ ምንዛሪ ከባንክ ይግዙ፤ ፓስፖርትና ትኬት ይጠየቃሉ። በአቅራቢያዎ ያለው ቅርንጫፍ ምንዛሪ ከሌለው ዋናው ቅርንጫፍ መሄድ ስለሚኖርብዎ ሳምንት ቀድመው ይጠይቁ። ከመንገድ የተገዛ ዶላር ደረሰኝ የለውም፤ ቦሌ ላይ ቢፈተሹ የሚያሳዩት ነገር አይኖርም። ኖቶቹ ያልተቀደዱ፣ ያልተጻፈባቸው፣ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የታተሙ ይሁኑ። በምሥራቅ አፍሪካ ያሉ መንዛሪዎች አሮጌውን ባለ ትንሽ ፎቶ ኖት አይቀበሉም፤ ቢቀበሉም በወረደ ዋጋ ነው። ብር እዚያ አይመነዘርም፤ ለመመለሻ ታክሲ የሚሆን ብቻ ይያዙ።

በርበሬ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ በፌስታል ቋጥረው አይሂዱ። ሩዋንዳ ከ2008፣ ኬንያ ከ2017 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክለዋል፤ አየር ማረፊያው ላይ ይወሰድብዎታል፣ በርበሬውም ይበተናል። በጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳን ባለው ዕቃ ያድርጉት። ሲሸልስ ለምግብ ነገር ጥብቅ ስለሆነች ባይዙ ይሻላል። ጫት ፈጽሞ አይያዙ፤ ሩዋንዳ ውስጥ ከአደንዛዥ ዕፅ ይቆጠራል። ለሰው ይድረስ ተብሎ የተሰጠዎትን ያልፈተሹትን ዕቃም አይቀበሉ፤ ሰጪው የጎረቤት ልጅ ቢሆንም።

ደረጃ 7፦ የጉዞው ቀን

ከበረራው 3 ሰዓት በፊት ቦሌ ይድረሱ፤ በበዓል ሰሞን 4 ሰዓት። ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ፣ ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ ለሚነሳ ሰው በመንገዱ ላይ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይጨምር። ሌሊት «ራይድ» ወይም «ፈረስ» በተባሉት የታክሲ መጥሪያ መተግበሪያዎች መኪና መጥራት መሀል ከተማ ይሠራል፤ ዳር ላይ ግን ሾፌሩ ይሰርዛል ወይም አይገኝም። ከሰፈርዎ ባለ ላዳ ወይም ባለ መኪና ጋር ከሁለት ቀን በፊት ተስማምተው፣ ስልኩን ይዘው፣ የሚመጣበትን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ነግረው ይጨርሱ። ሁለተኛ ሰውም ተጠባባቂ ይኑርዎ።

ሸኚዎች ወደ ውስጥ አይገቡም። በር ላይ ያለው ጥበቃ ትኬትና ፓስፖርት ስለሚያይ ማኅደሩን ሻንጣ ውስጥ አይቆልፉት።

መስኮቱ ላይ ሠራተኛው ከጠየቀው በላይ አያውሩ። ከተከለከሉ እንዲህ ያድርጉ፦

1. «የትኛው ነገር ጎደለ? ከመዝገቡ ላይ ያንብቡልኝ» ይበሉ። ትርጉሙ የተምታታ ከሆነ ኃላፊውን በትሕትና ይጠይቁ።
2. የጎደለው የሆቴል ማስያዣ ወይም የጉዞ ፈቃድ ከሆነ እዚያው በስልክ ሊሞላ ይችላል። 3 ሰዓት ቀድሞ መምጣት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው።
3. ቢጫ ካርድ ከሆነ የሚሞላበት መንገድ የለም። በረራው ሳይነሳ ትኬቱን እንዲያዛውሩልዎ ይጠይቁ። ዝም ብለው ከሄዱ «ኖ ሾው» (ሳይቀርብ የቀረ) ተብሎ ይመዘገባል፤ ቅጣቱም ይከብዳል።

ደረጃ 8፦ በሞያሌ በኩል በመኪና ለሚወጡ

ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ጸጥታ ከሾፌሮችና ከመናኸሪያው ይጠይቁ፤ ሌሊት አይጓዙ።

ሞያሌ አንዱ ከተማ በሁለት አገር የተከፈለ ስለሆነ ሰው ገበያ ለመሄድ ወዲያና ወዲህ ይላል። ይህ ያሳስታል። እርስዎ ወደ ናይሮቢ የሚቀጥሉ ከሆነ የኢትዮጵያን የመውጫ ማህተምና የኬንያን የመግቢያ ማህተም ሁለቱ አገሮች በጋራ በሚሠሩበት የድንበር ጣቢያ ሳያስመቱ አውቶቡስ አይሳፈሩ። በማርሳቢትና በኢሲዮሎ መንገድ ላይ ኬላዎች ፓስፖርት ይከፍታሉ፤ ማህተም ከሌለ በሕገ ወጥ መንገድ እንደገባ ሰው ይያዛሉ። «ማህተሙን እኔ አስመታልሃለሁ» ለሚል ደላላ ፓስፖርት አይስጡ። ጣቢያው ከተዘጋ እዚያው አድረው በማግስቱ ይለፉ።

ደረጃ 9፦ ከገቡ በኋላ

ከመስኮቱ ሳይርቁ ማህተሙን ያንብቡ። የሚገዛዎት የተመታው ቀን ነው፤ ድረ ገጽ ላይ ያነበቡት አይደለም። ከተሳሳተ ወይም ካልታየ እዚያው ይጠይቁ።

ቀን ሲቆጥሩ የገቡበት ቀን አንድ ይባላል። እዚህ ላይ የኛ አቆጣጠር ያሳስታል። ምሳሌ፦ ጳጉሜን 5 በሆነችበት ዓመት ነሐሴ 14 (ኦገስት 20) ሩዋንዳ የገባ ሰው «አንድ ወር ነው» ብሎ መስከረም 14 ልመለስ ቢል 36ኛ ቀኑ ላይ ነው። 30ኛው ቀን ሴፕቴምበር 18፣ ማለትም መስከረም 8 ነው። ጳጉሜን ረስቶ 6 ቀን ያሳለፈ ሰው ይቀጣል፤ ለሚቀጥለውም ጉዞ መዝገቡ ይበላሻል። ማራዘም ካስፈለገ ቀኑ ሳያልፍ የዚያን አገር ኢሚግሬሽን ይሂዱ።

በጉብኝት የገባ ሰው መሥራት አይችልም። «ቪዛ ኦን አራይቫል ነው፣ እዚያ ሥራ ይጠብቅሃል» የሚል ደላላ ከመጣ ይሽሹ። ወደ ታይላንድ እንዲህ እየተባሉ የሄዱ ወጣቶች ድንበር ተሻግረው ምያንማር ውስጥ በኢንተርኔት ማጭበርበሪያ ካምፖች ታግተዋል፤ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ወደ ታይላንድ ከተመለሱት መካከል ከመቶ በላይ ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። ልጅዎ ወይም የጎረቤት ልጅ እንዲህ ያለ ጉዞ እያሰበ ከሆነ ዛሬውኑ ያነጋግሩት።

መግባት ቢከለከሉ። ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ያልገባዎትን ወረቀት አይፈርሙ፤ ኤምባሲ እንዲደወልልዎ ይጠይቁ። ያመጣዎት አየር መንገድ ይመልስዎታል። ለመኮንን ገንዘብ ለመስጠት አይሞክሩ።

ፓስፖርት ቢጠፋ። መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ማስረጃ ይውሰዱ፤ ቀጥሎ ኮፒውን ይዘው ኤምባሲ ይሂዱ። ናይሮቢና ኪጋሊ የኢትዮጵያ ኤምባሲ አለ፤ ሊሴ ፓሴ የሚባል፣ በፓስፖርት ፋንታ ለመመለሻ የሚያገለግል ወረቀት ይሰጣል። ሁለተኛውን ኮፒ ቤት ለሚቀር ሰው መተው ያስፈለገው፣ የያዙት ከቦርሳው ጋር አብሮ ቢጠፋ በስልክ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልዎ ነው።

ሲመለሱ የመውጫ ማህተም መመታቱን ይመልከቱ። በተለይ ሞያሌ ላይ። የኬንያ መውጫ ማህተም ሳይኖር ከተመለሱ በመዝገባቸው ገና እዚያው እንዳሉ ይቆጠራል፤ በሚቀጥለው ጉዞ ሲደርሱ ቀን አሳልፈው እንደቆዩ ተደርጎ ይጠየቃሉ። ስለዚህ ከድንበሩ ጣቢያ ሳይወጡ ገጹን ከፍተው ሁለቱንም ማህተሞች ጎን ለጎን ይዩ።